አዝማሪው አልዘገየም፤ የዘገየው ኮምፒዩተራችን ነው

በኑዛዜ ልጀምር። ይህ ጽሑፍ ጣት መቀሰሪያ ነው፤ ግን ጣቱ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔው ላይ ስለሆነ ቅር የሚለው ካለ ከእኔ ኋላ ይሰለፍ።

ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ "ስቱዲዮ" አለኝ። ትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያስገባሁት አውቄ ነው። ያለኝ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ባለ ሁለት መግቢያ የድምፅ ካርድ፣ አንድ ማይክ፣ አንድ ሄድፎንና ግድግዳ ላይ በሚስማር የተመታ ብርድ ልብስ ነው። የአከራዬ አውራ ዶሮ ደግሞ ሳይከፈለው በየዘፈኑ ይገባል።

እዚህች ክፍል ውስጥ አንድ ቀን አንድ አዝማሪ አስገባሁ። በዕድሜ አባቴን የሚያክሉ፣ ማሲንቆ ይዘው ያደጉ፣ ለስንቱ ሠርግ የተጫወቱ ሰው ናቸው። ሐሳቤ እንደ ብዙዎቻችሁ ሐሳብ ነበር፦ ከበሮውንና ኪቦርዱን በኮምፒዩተር ደርድሬ ጨርሻለሁ፣ ከላዩ ላይ "ባህላዊ ቃና" ልጨምርበት። ሄድፎን አጠለቅኩላቸው፣ ማይኩን ወደ ማሲንቆው አስጠጋሁ፣ ቀይዋን ነጥብ ተጫንኩ።

"ጋሼ፣ ከቢት እየወጡ ነው።"

"ከምን ልጄ?"

"ከምቱ። አንዴ ይቀድማሉ፣ አንዴ ወደኋላ ይቀራሉ።"

እንደገና ጀመርን። እንደገና አቋረጥኳቸው። ዘጠኝ ጊዜ! በዘጠነኛው ሄድፎኑን አወለቁና "ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ሌላ ሰው አለ። እኔን እየተከተለ የሚመታ" አሉኝ። ሳቅሁ። በልቤም "ዕድሜ ነው" አልኩ። ጮክ ብዬ ያልኩት ግን "ችግር የለም ጋሼ፣ እኔ በኮምፒዩተር አስተካክለዋለሁ" የሚል ነበር።

አስተካከልኩትም። የማሲንቆውን ድምፅ እንደ ሽንኩርት ከትፌ እያንዳንዷን ምት ስክሪኑ ላይ ካለው መስመር ጋር አጣበቅኳት። ሲያልቅ ሁሉም ነገር ልክ ነበር። ከማሲንቆው በስተቀር። ማሲንቆው የስልክ ጥሪ መስሎ አረፈው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ በጥር፣ አንድ ሠርግ ላይ እኒያኑ ሰው አየኋቸው። ድንኳን ውስጥ ናቸው። ከበሮ መቺው ከእርሳቸው አራት ሜትር ያህል ርቆ ቆሟል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ እስክስታው ወለሉን ያርዳል፤ እርሳቸው ደግሞ እየዞሩ ሙሽራውንም ሚዜውንም በስም እየጠሩ ያወድሳሉ። አንዲት ምት አልሳቱም። ከበሮ መቺው ሲያፋጥን አፋጠኑ፣ ሲረጋ ረጉ። "ምት አያውቁም" ያልኳቸው ሰው እኮ ናቸው!

ማታ ቤቴ ገብቼ ሄድፎኑን በአንድ ጆሮዬ ብቻ አጠለቅኩ፣ ማይኩንም በጥፍሬ መታ አደረግኩ። በባዶው ጆሮዬ "ጠቅ" ሰማሁ፤ ከዚያ በሄድፎኑ ሌላ "ጠቅ"። ሁለት ናቸው። የድምፅ ካርዱን ሴቲንግ ከፈትኩ። በፈሩ 1024 ላይ ነበር። በዋዜማው ሌላ ዘፈን ሚክስ ሳደርግ ከፍ አድርጌው ሳልመልሰው ረስቼዋለሁ።

"እኔን እየተከተለ የሚመታ" የተባለው ሰውዬ እንግዲህ ይኸው ነበር። ያስገባሁት እኔ፣ የሰደቡት እርሳቸውን።

በፈር ማለት ሮቶ ነው

ለማታውቁት በአጭሩ። ኮምፒዩተር ድምፅን እንደ ጆሮ ሳያቋርጥ አይሰማም። በሰከንድ 44,100 ጊዜ (ወይም 48,000 ጊዜ) ይለካዋል፤ እያንዳንዷ ልክ "ሳምፕል" ትባላለች። ሳምፕሎቹን ግን አንድ በአንድ አይሠራባቸውም፤ አጠራቅሞ በጀሪካን በጀሪካን ይቀዳቸዋል። የጀሪካኑን መጠን የምንወስነው እኛ ነን፤ ስሙም በፈር ነው።

ቤታችሁ ጣሪያ ላይ ሮቶ ካለ ነገሩ ገብቷችኋል። ውሃ በፈረቃ ይመጣል። ሮቶው ትልቅ ከሆነ መንገድ ላይ ያለው ቧንቧ ቢደርቅም ቤት ውስጥ ያለው አይቋረጥም። ግን የምትጠጡት ውሃ የዛሬ አይደለም፤ ከትናንት ወዲያ የገባ ነው። ሮቶው ትንሽ ከሆነ የምትጠጡት አሁን የመጣውን ነው፤ መንገዱ ላይ ትንሽ መቋረጥ ካለ ግን ቧንቧችሁ "ጭጭ… ፍስስ" እያለ አየር ይተፋል። ያ አየር ነው በስፒከር ሲመጣ "ቸክ ቸክ" የሚለው። ላፕቶፑ ቀጣዩን ጀሪካን ሞልቶ ሳያደርስ ጊዜው ሲደርስበት ማለት ነው።

ለባሕር ዳር ልጅ ደግሞ ሮቶም አያስፈልገውም፤ ጣና አለለት። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ክረምት ላይ ደፍርሰው ሐይቁ ውስጥ ይገባሉ። ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ሐይቁ ጢም ብሎ የሚሞላው ግን መስከረም አካባቢ ነው። ውሃው ለበጋ ተርፎ ቀስ እያለ እንዲወርድም እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ የጀመረው የጨረጨራ ግድብ መውጫው ላይ ተቀምጦ ለጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ ይለካለታል። ጣና የዓባይ በፈር ነው። የተረጋጋ ፍሰት ይሰጣል፤ በምላሹ ጊዜ ይወስዳል። ሁለቱንም በነጻ የሚሰጥ ሐይቅም ላፕቶፕም እስካሁን አልተፈጠረም።

አሁን ቁጥሩን እንየው። የበፈሩን ቁጥር ለ44,100 ስታካፍሉት ጊዜው ይወጣል። 64 ሳምፕል 1.5 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። 128 ወደ 3 ይጠጋል፣ 256 ወደ 6፣ 512 ወደ 12፣ 1024 ደግሞ 23 ሚሊሰከንድ። 2048 ላይ 46 ይደርሳል። ይህ የአንድ አቅጣጫ ነው። ድምፁ በማይክ ገብቶ በሄድፎን እስኪወጣ ሁለት ጊዜ ይጠብቃል፤ የካርዱ የራሱ መቀየሪያና ድራይቨሩም ትንሽ ትንሽ ይጨምሩበታል። ስለዚህ 1024 ላይ ስትቀዱ ተጫዋቹ ራሱን የሚሰማው ወደ 50 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ነው።

"50 ሚሊሰከንድ ምን አላት?" የሚል አይጠፋም። ድምፅ በአየር ላይ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ሠርጉ ላይ ከበሮ መቺው አራት ሜትር ርቆ ነበር ብያችኋለሁ፤ ያ 12 ሚሊሰከንድ ነው። 50 ሚሊሰከንድ ግን ከ16 ሜትር በላይ ነው። ማሲንቆውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ድምፁን ከግቢው አጥር ውጭ እንዲሰሙ ፈርጄባቸው ነበር ማለት ነው። በሌላ በኩል እዩት፦ በደቂቃ 120 የሚሄድ የእስክስታ ምት አንዱ ምት ግማሽ ሰከንድ ነው። በሦስት ሲከፈል እያንዳንዷ 167 ሚሊሰከንድ ትሆናለች። እኔ ከእርሷ ላይ ሲሶ ያህሉን ሰርቄ "ቀደሙ፣ ዘገዩ" እላለሁ።

ስልክ ስታወሩ የራሳችሁ ድምፅ ተመልሶ ጆሯችሁ ላይ ሲያስተጋባ ምን ትሆናላችሁ? ምላስ ይተሳሰራል፤ ወይ ትንቀረፈፋላችሁ፣ ወይ ታቆማላችሁ። አዝማሪውም እንደዚያው ናቸው። ክሊኩን ሲከተሉ በሄድፎን የሚሰሙት የራሳቸው ማሲንቆ ይዘገይባቸዋል፤ ያንን ለማካካስ ቀድመው ይመታሉ፤ ከዚያ በእጃቸውና በጭናቸው የሚሰማቸው ትክክለኛው ንዝረት ይመጣና ወደኋላ ይጎትታቸዋል። "አንዴ ይቀድማሉ፣ አንዴ ይዘገያሉ" ያልኩት እኮ ትክክል ነበር። የተሳሳትኩት ጥፋተኛውን ስመርጥ ነው።

የስቱዲዮ ተረቶች

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ከማውቃቸው የላፕቶፕ ኢንጂነሮች ጋር ሳነሳ የሰማኋቸው መልሶች አንድ መጽሐፍ ይወጣቸዋል። አልፈርድባቸውም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየ ጊዜ ብዙዎቻችን ሙያውን የተማርነው ከጓደኛ ጓደኛ በሰማነው ነው። ግን ተረት ተረት ነው።

አንደኛው ተረት "በፈሩ ሲያንስ ድምፁ ይጠራል" ይላል። ግልባጩም አለው፦ "በፈሩ ሲበዛ ድምፁ ይወፍራል"። ሁለቱም ውሸት ናቸው። በፈር የሚወስነው ድምፁ መቼ እንደሚደርስ ነው፤ ምን እንደሚመስል አይነካም። ሮቶ መቀየር የውሃውን ጣዕም አይቀይርም። ካላመናችሁ ሞክሩት፦ አንዱን ሚክስ በ64፣ ያንኑ በ2048 ኤክስፖርት አድርጉ። ሁለቱን ፋይሎች አንድ ላይ አስቀምጡና የአንዱን ፌዝ ገልብጡ። ሚክሱ ውስጥ በዘፈቀደ የሚወዛወዝ ኢፌክት ከሌለ የምትሰሙት ዝምታ ነው። ዝምታ ማለት ልዩነት የለም ማለት ነው። ደግሞም ኤክስፖርት ሲደረግ ኮምፒዩተሩ ከሰዓት ጋር አይሽቀዳደምም፤ ቀስ ብሎ ሠርቶ ይጨርሳል። ስለዚህ ሚክስ ስታደርጉ የምትሰሙት "ቸክ ቸክ" ያለቀው ሥራ ውስጥ አይገባም። ቀረጻ ላይ የመጣ "ቸክ" ግን ከነነፍሱ ይቀዳል፤ ማንም አያወጣውም።

ሁለተኛው ተረት የጉረኞች ነው፦ "እኔ ሁልጊዜ በ64 ነው የምሠራው!" እንደ መኪና ፍጥነት ይነግሯችኋል። ወንድሜ፣ ሚክስ ስታደርግ ማን እየጠበቀህ ነው? ማይክ ፊት የቆመ ሰው የለም፤ ሁሉም ተቀድቶ አልቋል። በ64 ላፕቶፑ በሰከንድ 689 ጊዜ ጀሪካን ሞልቶ ማድረስ አለበት። በ1024 ግን 43 ጊዜ ብቻ። 40 ትራክ ከነሪቨርቡና ከነኮምፕሬሰሩ ጭነህበት በሰከንድ 689 ጊዜ ተመላለስ ስትለው ላፕቶፑ ቢያቃስት ምን ይገርማል? ሚክስ ላይ ፌደሯን ገፋ አድርገህ ለውጡን ከ30 ሚሊሰከንድ በኋላ ብትሰማው የሚሞት የለም። ሚክስ ላይ 1024፣ ካስፈለገም 2048። ጉራው ይቅር።

ሦስተኛው ተረት የሰነፎች ነው፦ "ሶፍትዌሩ ራሱ ያስተካክለዋል"። ከፊሉ እውነት ስለሆነ ነው አደገኛ የሆነው። ኩቤዝም፣ ሪፐርም፣ ኤፍኤል ስቱዲዮም ፕለጊኖች የሚፈጥሩትን መዘግየት በሚክስ ላይ ያካክሳሉ። የተቀዳውንም ትራክ ድራይቨሩ በነገራቸው ልክ ወደፊት ይስቡታል። ችግሩ ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ድራይቨሩ ሊዋሽ ይችላል። በተለይ ከካርዱ ጋር የመጣውን ትተን ሁሉንም ካርድ አንቀሳቅሳለሁ የሚል እንደ አሲዮ ፎር ኦል ያለ አጠቃላይ ድራይቨር ስንጠቀም፣ የሚነግረው ቁጥርና እውነተኛው መዘግየት ላይገጥሙ ይችላሉ። ሁለተኛውና ዋናው፣ ሶፍትዌሩ የሚያስተካክለው ፋይሉን እንጂ ተጫዋቹ በሄድፎን የሰማውን አይደለም። አዝማሪው በዘገየ ድምፅ ተደናብሮ የተጫወተውን ወደፊት ብትስበው የምታገኘው በጊዜው የተቀመጠ መደናበር ነው።

አራተኛው ተረት የነጋዴ ነው፦ "ይሄ ላፕቶፕ አይችልም፤ አዲስ ግዛ"። ወይም ደግሞ "አዲስ አበባ ሄደህ ካልቀዳህ አይሆንም"። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሴቲንግ አንድ ገጽ ከፍቶ አንድ ቁጥር መቀየር ለሚፈታው ችግር የሁለት ዓመት ቁጠባ የሚያስወጣ ምክር ምክር አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት የከበዱ ትራኮችን ፍሪዝ አድርጉ። ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰኩት፤ ብዙ ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ራሱን ለመቆጠብ ፍጥነቱን ይቀንሳል (መብራት ከሄደ ቀረጻውን አቁማችሁ ቡና ጠጡ)። የኃይል ሴቲንጉን ከፍተኛ ላይ አድርጉ፤ ከበስተጀርባ የተከፈተውን ሁሉ ዝጉ። እኔ አዝማሪውን ያደናበርኩበትም፣ በኋላ በደንብ የቀዳሁበትም ላፕቶፕ አንድ ነው።

ታዲያ ለምን አዝማሪው ተከሰሱ?

አሁን ወደሚያመው እንሂድ። ያን ቀን ክፍሌ ውስጥ ሁለት ተጠርጣሪ ነበር፦ አንድ ላፕቶፕና አንድ አዝማሪ። ለምን ላፕቶፑን አልጠረጠርኩም?

እኔ መልሱን አውቀዋለሁ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። "አዝማሪ" የሚለው ቃል እኛ አገር ሙያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ስድብም ነበር። ሠርጋችንን እንዲያደምቁልን እንጠራቸዋለን፤ ልጃችን ማሲንቆ ይዞ ሲመጣ ግን እናለቅሳለን። ይህን ንቀት ከአያቶቻችን ወርሰን፣ ዘመናዊ ነን ብለን፣ በላፕቶፕ አድርገን መለስነው። አሁን "ምት አያውቅም" የሚለው ሰው ሽማግሌ ዘመድ አይደለም፤ ስክሪን ላይ የተሰመረ መስመር ነው። መስመር ደግሞ የሚከራከረው የለም። ማሽኑ ተናገረ፣ አለቀ!

ማሽኑ ግን አልተናገረም። የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ማሽኑን አሳስቼ ከሞላሁ በኋላ።

የድምፅ ባለሙያ ሥራ ሁልጊዜም ይህንን መዘግየት ከተጫዋቹ ላይ ማንሳት ነበር። በቴፕ ዘመንም ነበረ። ቴፕ ላይ የሚቀዳው ጭንቅላትና የሚያሰማው ጭንቅላት ተራርቀው ስለሚቀመጡ፣ ቀድሞ በተቀዳ ድምፅ ላይ ሌላ ለመጨመር የፈለገ ተጫዋች የሚሰማው ዘግይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ እነ ሌስ ፖል ከአምፔክስ የተረከቡት ባለ ስምንት ትራክ መቅረጫ ይህን የፈታው የሚቀዳውን ጭንቅላት ራሱን እንዲያሰማም በማድረግ ነው። ሌስ ፖልን "ከቢት ወጥተሃል" ያለው የለም። መሣሪያውን አስተካከሉለት። እኛም አገር አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ባንዱ በአንድነት ሲጫወት ነበር በቴፕ የሚቀዳው። ሳክስፎኑ ድራሙን የሚሰማው በአየር ነው፤ በመካከላቸው የቆመ በፈር የለም። ዛሬም ድረስ በየዓለሙ የሚሰሙት እነዚያ ሥራዎች መስመር ላይ አልተጣበቁም። ትንሽ ይፈጥናሉ፣ ትንሽ ይረጋሉ፤ ሰው ይመስላሉ።

ማሲንቆ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ተበዳይ ነው። አንድ የፈረስ ጭራ ክር በፈረስ ጭራ ደጋን ሲፈተግ ድምፁ እንደ ከበሮ "ድም" ብሎ አይጀምርም፤ ተነስቶ፣ አድጎ ነው የሚደርሰው። ተጫዋቹ ምቱን የሚያስቀምጠው ድምፁ በሚደርስበት ቦታ እንጂ ደጋኑ ክሩን በነካበት ቅጽበት አይደለም። ሶፍትዌሩ ግን የድምፁን መነሻ በግምት ይፈልግና ያንን ጎትቶ መስመር ላይ ያስቀምጠዋል። ኳንታይዝ የምትሏት ነገር ከማሲንቆ ጋር ስትገናኝ የምትሠራው ይህንን ነው፦ ልክ የነበረውን ታጣምምና "ልክ" ትለዋለች። ችክችካው ራሱስ በሦስት እኩል ክፍል ተመትሮ የሚቀመጥ ነው እንዴ? አንዷ ትረዝማለች፣ አንዷ ታጥራለች፤ ትከሻ የሚያንቀጠቅጠው ያ ልዩነት ነው። እኩል አድርጋችሁ ስታስቀምጡት የቀረው ምት እንጂ እስክስታ አይደለም።

ለሚከራከሩኝ

"አድማጭ እኮ 10 ሚሊሰከንድ አይለይም" ትሉኛላችሁ። ይሁን። አድማጩ አይለይም፤ ተጫዋቹ ግን ይለያል። ዘፋኝ ደግሞ ከማንም በላይ ይለያል፤ የራሱን ድምፅ በአጥንቱ በኩል ወዲያው፣ በሄድፎን ደግሞ ዘግይቶ ስለሚሰማው ሁለቱ ተደባልቀው ድምፁ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ይመስለዋል። ከዚያ "ዛሬ ድምፄ አልተመቸኝም" ብሎ ይሄዳል። የእርሱ ድምፅ ምንም አልሆነም።

"አንዳንድ አዝማሪ ግን በእውነት ክሊክ አልለመደም" ትሉኛላችሁ። ይኼኛው ክርክር እውነትነት አለው፤ አልክድም። ሰው እያየ፣ ከሰው ጋር እየተነፈሰ የተጫወተ ባለሙያ ጆሮው ውስጥ "ጢክ ጢክ" ሲባልበት ላይመቸው ይችላል። ታዲያ መፍትሔው ማን ማንን ይከተል የሚለውን መገልበጥ ነው። ማሲንቆውንና ድምፁን አስቀድማችሁ ያለ ክሊክ ቅዱ። ከዚያ የሶፍትዌሩን የቴምፖ መስመር በእርሳቸው ምት ላይ አስቀምጡ፤ ከበሮውና ኪቦርዱ ከኋላ ይከተሉ። ይህ በሁሉም ትልልቅ ሶፍትዌር ይቻላል። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ አዎ። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን የተማረውን ከትፎ ለመለጠፍም ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

"በትንሽ በፈር ላፕቶፔ አይችልም" ለምትሉ ደግሞ፣ ቀረጻ ላይ የሚያስፈልጋችሁ ትንሽ ነገር ነው። ኪቦርዱንና ከበሮውን ወደ አንድ የድምፅ ፋይል አውጥታችሁ በአዲስ ፕሮጀክት ላይ አስቀምጡት፤ ሃያ ፕለጊን መሸከሙ ቀረለት። ማስተሩ ላይ ያለውን ሊሚተር አጥፉ፤ ወደፊት አይቶ የሚሠራ ፕለጊን ሁሉ ራሱን የቻለ መዘግየት ይጨምራል። ይህም ካልሆነ ካርዳችሁ ላይ ያለውን "ዳይሬክት ሞኒተር" የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ተጫዋቹ ራሱን የሚሰማው ኮምፒዩተሩ ውስጥ ሳይገባ በቀጥታ ከካርዱ ይሆናል። (ያኔ በሶፍትዌሩ ውስጥ ያለውን ሞኒተር ማጥፋት እንዳትረሱ፤ አለዚያ "ሌላው ሰውዬ" ተመልሶ ይመጣል።) ብሉቱዝ ሄድፎን ይዞ ለቀረጻ የሚመጣ ጀለስ ካለ ደግሞ በሩ ላይ መልሱት፤ ብሉቱዝ ብዙውን ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ይዘገያል። ሽቦ ያለው አምጡ።

ድራይቨሩ ይዋሽ አይዋሽ ለማወቅም መንገድ አለ። የካርዱን መውጫ በገመድ ከመግቢያው ጋር አገናኙ፤ ክሊኩን አጫውታችሁ መልሳችሁ ቅዱት። የተቀዳው ከዋናው ጋር ካልገጠመ ስንት ሳምፕል እንደዘገየ ቁጠሩና በሶፍትዌሩ የቀረጻ ማካካሻ ላይ ያንን ቁጥር ጻፉት። አሥር ደቂቃ ነው። በሕይወታችሁ አንዴ፣ ካርድ ወይም ድራይቨር ስትቀይሩ ደግሞ እንደገና።

ማጠቃለያ

ባለሙያውን ይቅርታ ለመጠየቅ ጥቂት ወራት ፈጅቶብኛል፤ በሚሊሰከንድ አልቆጥረውም። ወደ ቤት መጡልኝ። በፈሩን 64 ላይ አደረግኩ፣ ዳይሬክት ሞኒተሩን ከፈትኩ፣ ማይኩን በጥፍሬ መትቼ አንድ "ጠቅ" ብቻ መሆኑን አረጋገጥኩ። አንድ ጊዜ ተጫወቱ። ሁለተኛ አላስፈለገም። ሄድፎኑን ሲያወልቁ "ያ ሰውዬ ዛሬ የለም?" አሉኝ። "የለም ጋሼ፣ አስወጣሁት" አልኳቸው። ያንን የከተፍኩትን ፋይል አጠፋሁት። ቀረጻውን የጠየቀኝ ሰው የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ስለ አንድ ቁጥር ነው፤ ግን ቁጥሩን የመረጠ ሰው አለ። በየሰፈሩ በኪራይ ክፍል ውስጥ የተከፈቱት ስቱዲዮዎቻችን ዛሬ የክልሉን ድምፅ ከሚያስቀምጡት መዝገብ ቤቶች መካከል ናቸው። ነገ አንድ ልጅ "የጎጃም ማሲንቆ እንዴት ነበር?" ብሎ ሲፈልግ የሚያገኘው የእኛን ፋይሎች ነው። እኛ ሴቲንግ ሳንከፍት የቀረነውን እርሱ "አዝማሪዎቹ እንዲህ ነበሩ" ብሎ ይማረዋል።

ስለዚህ ከአሁን በኋላ አንድ ሰው ማይካችሁ ፊት ተቀምጦ ምቱን ሳተ ሲባል፣ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ማይኩን በጥፍር ምቱት። ሁለት ከሰማችሁ ዝም ብላችሁ ሴቲንጉን ክፈቱ። ስትቀዱ ዝቅ፣ ሚክስ ስታደርጉ ከፍ። አንድ ከሰማችሁም ገና "ከቢት ወጥተሃል" አትበሉ፤ አንድ ጊዜ ያለ ክሊክ ይጫወቱላችሁና ቁጭ ብላችሁ ስሙ።

ቸር እንሰንብት።